ዶሮ ማነቂያ የደረሰው የጀልባ ሞተር

ሞተር ቢቆም አልናደድም። ሞተር ብረት ነው፤ ብረት ይዝጋል፣ ይደክማል፣ ይቆማል። እኔን የሚያናድደኝ ሞተር በቆመ ቁጥር ዙሪያውን የሚቆመው ሰው ነው። አራዳ ላይ ሰው ታሞ ቢወድቅ አላፊ አግዳሚው «እግዜር ይማርህ» ብሎ ያልፋል። ሞተር ታመመ ከተባለ ግን ከጊዮርጊስ እስከ አፍንጮ በር ያለው ሁሉ ሐኪም ሆኖ ይመጣል። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ሐኪሞቹ ሁሉ ማዳናቸው ነው። አዎ፣ ማዳናቸው! እንዴት እንደሆነ በሥርዓት ላስረዳ። በሥርዓት ማስረዳት ሥራዬ ነው፤ ደመወዝ የምበላውም በዚሁ ነው፤ ምንም እንኳ በዚያ ሳምንት የሰማኝ አንድ ሰው ባይኖር።

የምኖረው ዶሮ ማነቂያ፣ ከእትዬ ብርቄ ግቢ ነው። እትዬ ብርቄ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ በጠጅ ንግድ ራሳቸውን ያስከበሩ ሴት ናቸው። ጠጃቸውን ፍለጋ ከጉለሌ ድረስ በቅሎ ጭኖ የሚመጣ ሰው አለ። እኔ ከጓሮ ያለችውን ክፍል ተከራይቼ፣ ቀን ቀን ትምህርት ቤት ሒሳብና ስለ ፍጥረት ጠባይ አስተምራለሁ። ስመለስ ደግሞ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ለእትዬ ብርቄ ስለ ሥልጣኔ አስረዳለሁ። ስለ ባቡር አስረዳኋቸው፤ ማራቸውን በጠበጡ። ስለ ስልክ አስረዳኋቸው፤ አዛጉ። በሞተር ስለሚዞር ወፍጮ ያስረዳኋቸው ቀን ግን ማር የሚበጠብጡበትን እጃቸውን ከጋኑ አውጥተው፣ «እስቲ ድገመው» አሉኝ። አስተማሪ «ድገመው» ሲባል ምን እንደሚሆን የሚያውቅ አስተማሪ ብቻ ነው። ደገምኩት። ሠለስኩት። ወር ሳይሞላ እትዬ ብርቄ ሞተር ገዙ።

የሸጡላቸው ሙሴ ያኒ ናቸው፤ አራዳ ላይ ከሰርዲን እስከ ጃንጥላ የማይሸጡት ነገር የሌለ ግሪክ። ሞተሩ የጀልባ ነበር። ጅቡቲ ባሕር ላይ አንዲት ትንሽ ጀልባ ሲነዳ ኖሮ፣ ጀልባይቱ ከድንጋይ ተላትማ ስትቀር እሱ በባቡር ተጭኖ ወደ እኛ ወጣ። ጀልባይቱ ባሕር ግርጌ ተኛች፤ ሞተሯ ተራራ ላይ ወጥቶ ወፍጮ ሊያዞር ተቀጠረ። የናፍጣ ማጠራቀሚያው፣ የብረት በርሜሉ፣ ከነክዳኑ ከነቱቦው አብሮት መጥቷል። እኛ ከግድግዳው ላይ መደብ ሠርተን ሰቀልነው፤ እትዬ ብርቄም ያን ቀን «የናፍጣ ጋን» ብለው ስም አወጡለት።

አሁን ወደ መከራው ልግባ።

በሰፈራችን አንድ ባላምባራስ ልጃቸውን ሊድሩ ነበር። የድግሱ ሁሉ አዛዥ አጋፋሪ ወልዴ የሚባል፣ ባርኔጣ ከራሱ፣ ዘንግ ከእጁ የማይለይ ረጅም ሰው ነው። የሠርጉን ጤፍ በአህያ አስጭኖ መጥቶ ሞተሩን ዙሪያውን አየውና፣

«ይኸ ነገር እውነት ይፈጫል?» ሲል ጠየቀ።

እትዬ ብርቄ አፋቸውን ሳይከፍቱ እኔ ቀደምኩ። «በአንድ ቀን ጨርሶ ያስረክብዎታል!»

አጋፋሪው በዚህ ቃሌ ተማምኖ ለፈጪነት የሰበሰባቸውን ሴቶች አሰናበተ። ጊዜው ደግሞ የቅበላ ሰሞን ነው። ሠርጉ ለእሑድ ተቆርጧል፤ ሰኞ ጾም ይያዛል፤ በጾም ሠርግ የለም። ከፋሲካ በኋላ ይሁን እንዳይባል ሙሽራው ከጌታው ጋር ሐረር ሊወርድ ታዟል፤ መቼ እንደሚመለስ የሚያውቀው ጌታው ብቻ ነው። እንግዲህ ዱቄቱ ሐሙስ ካልደረሰ ሊጥ አይቦካም፤ ሊጥ ካልቦካ እንጀራ የለም፤ ያለ እንጀራ ደግሞ ማንም ልጁን አይድርም። ይህን ሁሉ ያኔ በደንብ አውቅ ነበር። ያላወቅሁት ሞተሩ ማወቁን ነው።

ማክሰኞ ጧት ጤፉን የተሸከሙት ኩሊዎች መዘውሩን አዞሩት። ሞተሩ አሳለና «ዱግ፣ ዱግ፣ ዱግ» አለ። እልልታው ቀለጠ። ዱቄቱ እንደ ጉም ሲወርድ አጋፋሪ ወልዴ ራሱ ፈገግ አለ። እኔም ለተሰበሰበው ሰው ስለ ሥልጣኔ ሁለት ቃል ልናገር ጉሮሮዬን ስጠርግ፣ «ዱግ... ዱግ... ዱ...»። ጸጥ።

«ሞተ?» አለ አጋፋሪው።

«አይደንግጡ። ሞተር ሲቆም በሥርዓት ይመረመራል» አልኩና ከሰል አንስቼ ግድግዳው ላይ ሥዕል ሣልኩ። «ይኸ በርሜሉ ነው። ናፍጣው ከዚህ በቱቦ ይወርዳል፤ በማጥለያው ያልፋል፤ ፓምፑ ይገፋዋል፤ በመጨረሻ በዚህች በቀጭን ቀዳዳ ሞተሩ ሆድ ውስጥ ይረጫል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ፣ ናፍጣ አለ ወይ? የሚል ነው።»

ወጥቼ ክዳኑን ፈታሁ። ክዳኑ «ሲስስስ» አለ።

«እንደ እባብ ያፏጫል!» አለ ከኩሊዎቹ አንዱ ወደ ኋላው እየሸሸ።

«አትፍራ፤ የናፍጣው ኃይል ነው። ኃይሉ ሲበዛ ይተነፍሳል» ብዬ አስረዳሁት። ያን ጊዜ እንዴት አምሮልኝ እንደተናገርኩ ባሰብኩት ቁጥር ጆሮዬ ይግላል።

በርሜሉ ጢም ብሏል። እትዬ ብርቄ ክዳኑን ከእጄ ተቀብለው፣ በነጠላቸው ጫፍ አብሰው፣ እንደ ጠጅ ጋናቸው ተጠንቅቀው ገጠሙት። እኔም ወደ ሁለተኛው ነጥብ ተሻገርኩ፤ ማጥለያውን ፈታሁ። የጤፍ ፍሬ የምታህል እድፍ ተገኘችበት። እንደ ተያዘ ሌባ ለሕዝቡ አሳየኋት፤ አጠብኩት፤ መልሼ ገጠምኩት። መዘውሩ ዞረ፤ «ዱግ፣ ዱግ፣ ዱግ»!

«ተመለከታችሁ? ምክንያትና ውጤት ማለት ይህ ነው» አልኩ። ስለ ንጽሕና ጥቅም ገና ሦስተኛ ዐረፍተ ነገሬ ላይ ሳለሁ ሞተሩ ቆመ።

ቀጥሎ የመጡት የእትዬ ብርቄ የነፍስ አባት መምሬ ተክሌ ናቸው።

«ቤት ሲሠራ ይባረካል። ጉድጓድ ሲቆፈር ይባረካል። ይኸን ግን ማን ባረከው?» አሉ።

«አባቴ፣ ይኸ የናፍጣ ጉዳይ ነው» አልኩ።

«ናፍጣውንስ ማን ፈጠረው?»

ጠበል ሊያፈሱበት ሲሉ በርሜሉን አቅፌ ጮህኩ፤ ናፍጣ ውስጥ ውሃ ከገባ ያኔ የእውነት ጉድ ይፈላል። በሽማግሌ ተደራድረን፣ ጠበሉ እንዲቀር፣ ክዳኑ ተከፍቶ በመስቀል ብቻ እንዲባረክ ተስማማን። ክዳኑ ተከፈተ፤ «ሲስስስ»። መምሬ ባረኩ፤ እትዬ ብርቄ ከደኑ። መዘውሩ ዞረ፤ ሞተሩ ተነሣ። እልልታው ከመጀመሪያው የበለጠ ነበር። መምሬ ወደ እኔ ዞረው መስቀላቸውን እንድሳለም ዘረጉልኝ። ያ ከስድብ ይከፋል።

ሞተሩ ቆመ።

አጋፋሪ ወልዴ ደግሞ የራሱን ፍርድ ሰጠ። «ይኸ የባሕር ልጅ ነው። አገሩን አስቡበት እንጂ! እናንተ አፈርና ጭስ ታሸቱታላችሁ። የለመደውን ቢያሸት ነው የሚሠራው።»

«አጋፋሪ፣ ብረት አፍንጫ የለውም» አልኩት።

«ታዲያ አሁን ሲተነፍስ የሰማነው በምኑ ነው?»

አጋፋሪው በገበቴ ውሃ አስመጣ፤ አሞሌ ሰብሮ አሟሟበት፤ የበርሜሉን ክዳን አስነሥቶ ያን የጨው ውሃ ከአፉ አጠገብ አስያዘ። «አሽት፣ አሽት የኔ ጌታ፤ ጅቡቲ ነህ» ይለዋል፤ በሕይወቱ ለሰው እንዲህ ለስልሶ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ክዳኑ ተገጠመ። መዘውሩ ዞረ።

ሞተሩ ተነሣ!

እኔ ጥግ ተቀምጬ ጣቴን ነከስኩ። ማጠብ አዳነው፤ መስቀል አዳነው፤ የጨው ውሃ አዳነው፤ ግን አንዱም አልበረከተለትም። ከዚያ በላይ ያቃጠለኝ ግቢው በሦስት ወገን መከፈሉ ነው፤ የመስቀል ወገን፣ የጨው ውሃ ወገን፣ የሦስተኛው ወገን ደግሞ እኔ ብቻዬን።

ረቡዕ ሙሴ ያኒ ራሳቸው ባርኔጣቸውን ደፍተው መጡ። ገና ከበር ሆነው፣ «ሞቶር ጥሩ! ሰው ነው መጥፎ!» እያሉ ነበር። ክዳኑን ከፈቱ፤ ናፍጣውን አዩ፤ ዘጉ። ከፓምፑ ላይ አንድ ብሎን አላልተው በቱቦው ውስጥ የተቋጠረውን አየር አስወጡ። ይህን እኔም አውቀዋለሁ፤ ትክክል ነበርና በአክብሮት ራሴን ነቀነቅሁ። ከዚያ ሞተሩን በጫማቸው ሁለት ጊዜ መቱት። ይህ ግን በየትኛውም ትምህርት ቤት አይገኝም። መዘውሩ ዞረ፤ ተነሣ። ሙሴ ያኒ ባርኔጣቸውን አነሡልንና ወጡ። የግቢው በር ላይ ሲደርሱ ሞተሩ ቆመ። ጸጥታው ደርሷቸዋል፤ ከጀርባቸው ያስታውቃል። ሳይዞሩ እርምጃቸውን አፈጠኑ።

ያን ጊዜ አጋፋሪ ወልዴ ክንዴን ይዞ ወደ ጓሮ ወሰደኝ። ሊመታኝ መስሎኝ ነበር። ቢመታኝ ይሻል ነበር።

«ፈጪዎቹን ልመልሳቸው ላክሁ። በየቤቱ ተቀጥረው አልቀዋል፤ ቅበላ ነው» አለ። «አንተ ልጅ፣ ሙሽራይቱን ታውቃታለህ?»

«አላውቃትም።»

«እኔ በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኋት ናት። ዛሬ ጧት ጠርታኝ፣ ‹አባባ ወልዴ፣ ዱቄቱ ደረሰ?› አለችኝ። ‹ደርሷል› አልኳት። በዚህ ዕድሜዬ ዋሸሁ። ነገ እውነት አድርግልኝ።»

ይህን ብሎ ዘንጉን ጎትቶ ሄደ። በጤፉ ክምር ላይ ተቀመጥኩ፤ ያልተፈጨውን ጆንያ አንድ በአንድ ቆጠርኩ።

ሐሙስ ጧትም ተማሪዎቼን ለባልደረባዬ አደራ ብዬ፣ ግቢ ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ በመስመር አቆምኩ። ክፍል ውስጥ እንደምቆጣ ተቆጣሁ።

«እስከ ዛሬ ሁላችንም አንድ ላይ አሥር ነገር እያደረግን የትኛው እንደሠራ ማወቅ አልቻልንም። ዛሬ ማንም ምንም አያደርግም! መስቀል የለም፤ ጨው የለም፤ እርግጫ የለም፤ ማጥለያም አይነካም።»

«ታዲያ ማን ያድነዋል?» አሉ መምሬ ተክሌ።

«ማንም!»

ሞተሩ ተነሣ፤ ትንሽ ፈጨ፤ ቆመ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። እኔ ብቻ ሄጄ፣ እንደ ልማዳችን ናፍጣ እንዳለው ለማየት ክዳኑን ከፈትሁ፤ «ሲስስስ» አለ፤ መልሼ ዘጋሁ። ሌላ ምንም፤ አንዳችም። መዘውሩ ዞረ። ሞተሩ ተነሣ!

«ይኸው! አሁን ማን አዳነው? ማንም ምንም አላደረገም!» ብዬ ጮህኩ።

መምሬ አንገታቸውን ወደ መሬት አቀርቅረው፣ «እኔስ በሆዴ ዳዊት ላይ ነበርኩ» አሉ።

«እኔም በዓይኔ ተቆጥቼዋለሁ» አለ አጋፋሪው።

እንግዲህ ከእንዲህ ያለ ሕዝብ ጋር ምን ዓይነት ምርመራ ይደረጋል? ሰው እጁን ይታሰራል፤ ሆዱን ግን ማን ያስረዋል? በንዴት ልፈነዳ ስል ሞተሩ ቆመ። እየሮጥኩ ሄጄ ክዳኑን ከፈትሁ፤ በዚህ ጊዜ ግን መዳፌን በበርሜሉ አፍ ላይ ጫንሁት።

በርሜሉ መዳፌን ሳበው።

ቆዳዬን ወደ ውስጥ መጠጠው እላችኋለሁ! ያ ስንት ቀን ሙሉ «የናፍጣው ኃይል» እያልኩ ሳስረዳበት የነበረው ፉጨት ወደ ውጭ የሚወጣ ትንፋሽ አልነበረም። ወደ ውስጥ የሚገባ ነበር። ናፍጣው በቱቦው ሲወርድ በቦታው አየር መግባት አለበት፤ አየር ካልገባ በርሜሉ ናፍጣውን አንቆ ይይዘዋል። ማጥለያዬም፣ መስቀሉም፣ አሞሌውም፣ የሙሴ ያኒ ጫማም ያዳኑት ነገር የለም። ያዳነው ሁላችንም በየምክንያታችን ክዳኑን መክፈታችን ነው።

ክዳኑን ወደ ብርሃን አወጣሁት። የጀልባው ሰው አየር ማስገቢያ ቀዳዳ ሠርቶበታል፤ መርፌ ታስገባለች። ቀዳዳዋ ግን በጥቁር ነገር ተደፍናለች። በጥፍሬ ነካሁት፤ ለሰለሰ። ወደ አፍንጫዬ አቀረብኩት፤ የማር ሽታ ሸተተኝ።

«እትዬ ብርቄ!»

«አቤት።»

«ይኸ ምንድን ነው?»

«ሰፈፍ ነዋ!» አሉ፤ ከማር የሚቀረውን ሰም ማለታቸው ነው። «ሙሴ ያኒ የተበሳ ዕቃ ሸጦልኝ ኖሯል። ሰው ፊት ላዋርደው አልወደድኩም፤ ዝም ብዬ ደፈንኩት። ሲለቅም እየደፈንኩት ነው።»

«እንዴት ይደፍኑታል?»

«እንዴት አልደፍነው? ያልተመረገ ጋን ምን ኃይል ይቀረዋል? ሽታው ሲወጣ አንተም ታሸተዋለህ እኮ፤ ሽታው ከወጣ ጉልበቱ ወጣ ማለት ነው። ደግሞስ ‹ናፍጣ ውስጥ አቧራ እንዳይገባ› እያልክ ስትለፈልፍ የከረምከው አንተ አይደለህ?»

የማስተማሬን ፍሬ ያየሁት በዚያች ቀን ነው። ስንት ነገር አስተምሬያቸው የያዙት ይህችን ብቻ ነው፤ የያዟትንም በሰም አትመዋታል።

ስለ አየር ግፊት ላስረዳቸው ጀመርኩ። አልሆነም። ጠጅ ያለበት ብርሌ አምጥቼ፣ አፉን በጣቴ ዘግቼ ዘቅዝቄ አሳየኋቸው። «ይኸ ጠጅ ማባከን ነው» ብለው ቀሙኝ። ሰሙን ነቅዬ ብጥል ደግሞ ዘወር ስል መልሰው እንደሚደፍኑት አውቃለሁ። እዚህ ላይ ትዕግሥቴ አለቀና ጮህኩባቸው፤

«እትዬ! ጋን የሚመረገው ጠጁ ሲጠነሰስ ነው። ሞተሩ እኮ አሁን እየጠጣ ነው! እንግዳ ተቀምጦ እየጠጣ ጋን ይመርጋሉ?»

እትዬ ብርቄ ብርሌውን እንደያዙ ቆሙ። በጠጅ ቤታቸው ላይ እንዲህ ያለ ነውር ተነሥቶ አያውቅም።

«እየጠጣ ነው?»

«እየጠጣ ነው።»

«ታዲያ ይኸን ማክሰኞ አትነግረኝም ነበር? ግፊት፣ ቅብጥርሶ ከምትል!» አሉና በገዛ ጥፍራቸው ሰሙን ነቅለው ቀዳዳዋን በመርፌ ጠረጉ። «ጠጥቶ ሲነሣ ግን እደፍነዋለሁ።»

«ሲነሣ ይድፈኑት!»

ክዳኑ ተገጠመ። መዘውሩ ዞረ። «ዱግ፣ ዱግ፣ ዱግ።» ሁላችንም ትንፋሻችንን ይዘን የሚቆምበትን ጊዜ ጠበቅን። ያ ጊዜ መጣ፤ አለፈ። ሞተሩ አልቆመም። አንዱ ጆንያ ሞላ፤ ሌላው ቀረበ። ኩሊዎቹ መጨፈር ጀመሩ። አጋፋሪ ወልዴ በቀጥታ ሄዶ የመምሬ ተክሌን መስቀል ተሳለመ!

ደሜ ፈላ። ጤፍ የተሞላ ጆንያ ላይ ወጣሁና፣ «መስቀሉ አይደለም! ቀዳዳዋ ናት! ላስረዳችሁ!» ብዬ ጮህኩ። ማንም አልሰማም። ሞተሩ እንዲህ በሙሉ ጉልበቱ ሲሠራ ሰምተነው አናውቅም ነበር፤ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፤ እኔ ራሴ ድምፄን አልሰማሁትም። እውነቱ በእጄ የገባበት ቀን አንድ ቃል መናገር የማይቻልበት ቀን ሆነ።

ለመሰማት ሞተሩን ማቆም ያስፈልጋል። ማቆሚያው ከእጄ አጠገብ ነው። ለትንሽ ጊዜ ብቻ፣ ነጥብ በነጥብ አስረድቼ መልሼ አስነሣዋለሁ ብዬ አሰብኩ። እጄ ወደ ማቆሚያው ሄደ። አልዋሽም፣ ሄደ።

አጋፋሪ ወልዴ አየኝ። ዘንጉን አላነሣም። ፊቱ፣ ጢሙ፣ ሽፋሽፍቱ ሁሉ በዱቄት ነጥቷል፤ በሁለት እጁ ትኩሱን ዱቄት አፍሶ እንደ ሕፃን ታቅፎታል፤ ራሱን ብቻ፣ ቀስ ብሎ፣ ግራና ቀኝ ነቀነቀ።

እጄን መለስኩ።

ዝም ግን አላልኩም። እዚያው ጆንያ ላይ እንደቆምኩ ከመጀመሪያው ነጥብ ጀምሬ፣ በርሜሉን በእጄ እየሠራሁ፣ ቱቦውን በጣቴ እያሳየሁ፣ ስለ አየርና ስለ ናፍጣ ያለኝን ሁሉ እስከ መጨረሻው አስረዳሁ። የመጨረሻው ጆንያ ተሰፍቶ አህያ ላይ ሲጫን አጋፋሪው ዓይኑ እንባ አቅርሮ ሙሉውን ማስረዳቴን ቆሞ ተከታተለ፤ ከአፌ አንዲት ቃል አልሰማም። በመጨረሻ ባርኔጣውን አውልቆ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለና ባለ በሌለ ድምፁ፣

«አሜን!» አለኝ።